ከሳው ማርቲኞ እስከ ነገሥታት ቀን፦ የትኛው የፖርቱጋል ወይን ከየትኛው ጣፋጭ ጋር ይሄዳል?

የጓዳ ሰው፦

ጤና ይስጥልኝ፣ ወገኖች። የፖርቱጋልን የብርድ ወራት በዓላት ማዕድ ከነወጉ ለማሰናዳት እየተዘጋጀሁ ነው። ኖቬምበር 11 በሳው ማርቲኞ (በቅዱስ ማርቲን) ዕለት የተጠበሰ ካስታኛ (ቼስትነት የሚባለው የዛፍ ፍሬ) ከዤሮፒጋ፣ አረቄ ከሚጨመርበት የወይን ጭማቂ፣ ጋር፤ ዲሴምበር 24 ማታ ራባናዳስ (ተነክሮ በእንቁላል የሚጠበስ ዳቦ) እና የአስኳል ጣፋጮች፤ ጃንዋሪ 6 በነገሥታት (በሰብአ ሰገል) ቀን ደግሞ ቦሉ ሬይ የሚባለው የፍራፍሬ ኬክ። ግር ያሉኝ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ዤሮፒጋ ላይ የሚጨመረው የአረቄ መጠን ነው። አንዱ «ለሁለት እጅ ጭማቂ አንድ እጅ አረቄ» ይላል፤ ሌላው ከዚያ በጣም ያነሰ ይሰጣል። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚፈነዳውስ ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ የፖርቶ ወይን ስሙ ብዙ ነው፤ ሩቢ፣ ቶኒ፣ ኤልቢቪ፣ ቪንቴጅ፣ ኮልዬይታ። አስኳልና ስኳር ለበዛበት ጣፋጭ የትኛው ይስማማል? ከተከፈተስ ስንት ቀን ይቆያል? ሦስተኛ፣ ራባናዳስ በወይን ሲነከር የሚፈራርሰው፣ መጥበሻ ላይ ደግሞ ዘይት የሚጠጣው ምኑ ላይ ሲሳሳቱ ነው?

ልክና መጠን ያለው መልስ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ወንድማችሁ።

ቀይ ወይራ፦

እኔ ከካስታኛው ልጀምር፤ ሳው ማርቲኞ ያለ እሱ አይሆንምና። ማጉሽቱ የሚባለው በዚያ ዕለት እሳት ከቦ ካስታኛ እየጠበሱ አዲሱን ወይን መቅመስ ነው። የፖርቱጋሎች አባባልም «በሳው ማርቲኞ ቀን ወደ ጓዳህ ሂድ፣ ወይንህን ቅመስ» ይላል።

ፍሬውን መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ክተተው። የሚንሳፈፈው ትል የበላው ወይም የደረቀ ነውና ይወገድ። የቀረውን 30 ደቂቃ ያህል ውሃው ውስጥ ተወው፤ ልጣጩ ስለሚርስ ሥጋው ሳይደርቅ ይበስላል። ከዚያ ሆዱ ላይ በስለት አግድም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰንጥቀው። ስንጥቁ ውጭኛውን ቅርፊት ብቻ ሳይሆን ውስጠኛውን ስስ ልጣጭም መብሳት አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ውስጠኛው ልጣጭ ካልተበሳ በፍሬው ውስጥ የታመቀው እንፋሎት መውጫ ስለሚያጣ ምድጃው ውስጥ ይፈነዳል።

ደረቅ ጨው በብዛት ነስንስበት። በ200 ዲግሪ ምድጃ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ፣ መሐል ላይ አንዴ እያንገዋለልክ ጥበሰው። እንደወጣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለህ 10 ደቂቃ አፍነው። ልጣጩን የሚያላቅቀው ይህ እፍንፍን ነው። አንዴ ከቀዘቀዘ ውስጠኛው ልጣጭ ሥጋው ላይ ተጣብቆ አይላቀቅምና ትኩሱን መላጥ ነው። ምድጃ ውስጥ ከ40 ደቂቃ በላይ ከቆየ እንደ ጠጠር ይደርቃል። 1 ኪሎ ለ4 ሰው ይበቃል።

ዤሮፒጋውን በተመለከተ «ሁለት ለአንድ» የቆየ የገጠር ልክ ነው፤ በእሱ ብትሠራ አትሳሳትም።

የአግዋ-ፔን ነገር አልጠየቅህም እንጂ የዕለቱ ሌላው መጠጥ እሱ ነው። ወይኑ ከተጨመቀ በኋላ በቀረው ልጣጭና ፍሬ ላይ ውሃ ጨምረው ጥቂት ቀን ያፈሉትና እንደገና ይጨምቁታል። ከጠላ ቅራሪ እንደሚወጣ አስበው። ቀላል ነው፣ ጥም ይቆርጣል፤ ነገር ግን አልኮሉ ትንሽ ስለሆነ አይከርምም። ለገና ላስቀምጠው ያለ ሰው ኮምጣጤ ነው የሚያገኘው።

የጋን ጠባቂ፦

ወንድሜ ቀይ ወይራ ካስታኛውን አሳምሮ አስረድቷል። በዤሮፒጋው ላይ ግን ልለየው ግድ ነው፤ «ሁለት ለአንድ» የአረቄውን ኃይል ሳይናገር የሚያልፍ ልክ ነውና ብዙ ጠርሙስ ያስፈነዳው እሱ ነው።

ዤሮፒጋ ገና ያልፈላ የወይን ጭማቂ ነው። አረቄ የሚጨመርበት እርሾው ሥራ እንዳይጀምር ነው፤ በዚህም የወይኑ ስኳር ሁሉ ሳይነካ ይቀራል። ድብልቁ 17 ወይም 18 በመቶ አልኮል ላይ ሲደርስ እርሾው ይተኛል። «ሁለት ለአንድ» እዚህ ቁጥር ላይ የሚያደርሰው አረቄው 50 በመቶ ገደማ ከሆነ ብቻ ነው። በዚያው ልክ 40 በመቶ የሆነ የሱቅ አረቄ ብትጨምር 13 በመቶ ላይ ትቀራለህ፤ እዚያ ላይ እርሾ ገና ብርቱ ነው። የፖርቶ ወይን ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን 77 በመቶ የወይን አረቄ ብትጨምር ደግሞ ከ25 በመቶ ያልፍና ጉሮሮ የሚልጥ ይሆናል።

ስለዚህ በስሌት ሥራ። የጭማቂውን ሊትር በ17.5 አባዛ። ከአረቄው ኃይል ላይ 17.5 ቀንስ። የመጀመሪያውን ውጤት በሁለተኛው አካፍል፤ የሚወጣው ቁጥር የምትጨምረው የአረቄ ሊትር ነው። ለ10 ሊትር ጭማቂ 77 በመቶ ከሆነ 2.9 ሊትር፣ 50 በመቶ ከሆነ 5.4 ሊትር፣ 40 በመቶ ከሆነ 7.8 ሊትር ይመጣል። የመጨረሻው ላይ ልብ በል፤ ከ7.8 ሊትሩ ውስጥ 4.7 ሊትር ያህሉ ውሃ ነው። ጠርሙሱ አይፈነዳም፣ ግን ጣዕሙ ይሳሳል። ከተቻለ ከ50 በመቶ በታች ባለው አትሥራ። ወይኑ ከተጨመቀ በኋላ ከሚቀረው ልጣጭና ፍሬ የሚወጣው አረቄ፣ ባጋሴይራ፣ ጠረኑ ኃይለኛ ስለሆነ የጭማቂውን መዓዛ ይውጠዋል፤ ከራሱ ከወይን የተጣራው አጓርደንቴ ይመረጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በደንብ የበሰለ ወይን ጨምቀህ በዚያው ቀን አጥልለው። ጭማቂው አድሮ አረፋ ካወጣ ስኳሩ መበላት ጀምሯልና ጣፋጭነቱ ይቀንሳል። አረቄውን ጨምረህ ከታች ወደ ላይ በረዥም ማማሰያ በደንብ አማስለው። ጭማቂ ከባድ ነው፣ አረቄ ቀላል ነው፤ ካልተማሰለ አረቄው ከላይ ይንሳፈፍና ከታች ያለው ጭማቂ በስውር ይፈላል። መጠኑ ልክ ሆኖ ሳለ ለሚፈነዳው ዋናው ምክንያት ይህ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን ሁለቴ ማማሰል አይከፋም።

ከዚያ በመስታወት ዕቃ፣ አፉን ሳታጠብቅ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀምጠው። አተላው ይዘቅጣል። ጥሩውን በቀጭን ቱቦ ከላይ ቅዳና ጠርሙስ ውስጥ አድርግ። የወይን ለቀማ በሴፕቴምበር ስለሆነ የዚያኔ የተቀመጠው ለሳው ማርቲኞ ልክ ይደርሳል። በኦክቶበር መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ጭማቂ አያገኝምና የተሠራውን ገዝቶ ይጠጣ።

ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ቡሹ ወደ ላይ ሲገፋ ካየህ ሁሉንም ቀዝቅዞ እያለ ክፈት፤ ወደ አንድ ዕቃ መልሰህ የጎደለውን አረቄ ጨምርና አማስል። ተው፣ ይረጋል ብለህ አትጠብቅ፤ የታመቀ ጠርሙስ ሲሰበር ዓይን ያጠፋል።

የጓዳ ሰው፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ልጨምር፤ የአልኮል መለኪያውን የተሠራው ዤሮፒጋ ውስጥ ከትቼ 17 መሆኑን ማረጋገጥ አይቻልም? እግረ መንገድዎን ደግሞ በደቡብ ፖርቱጋል በአሌንቴዡ በጋን ውስጥ የሚፈላው ወይንም በዚሁ ቀን ይከፈታል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከጣፋጭ ጋር ይሄዳል ወይ?

የጋን ጠባቂ፦

አይቻልም። ያ ተንሳፋፊ መለኪያ የተሠራው ለንጹሕ አረቄና ውሃ ብቻ ነው። ስኳር ፈሳሹን ያከብደዋል፤ መለኪያው ከሚገባው በላይ ስለሚንሳፈፍ የአልኮሉን ቁጥር እጅግ አሳንሶ ያሳይሃል። ያንን አምኖ አረቄ የሚጨምር ሰው ዤሮፒጋውን ያበላሻል። አረቄውን ከመጨመርህ በፊት፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት ለካው፤ የቀረውን በስሌት እወቅ።

የጋኑን ነገር ስላነሳህ ደስ ብሎኛል። አዎ፣ ቪኙ ደ ታልያ ይባላል። ቪዲጌይራ፣ ቪላ ደ ፍራዴሽ፣ ቪላ አልቫና ኩባ የሚባሉት የአሌንቴዡ ከተሞች ይታወቁበታል። በዚህ ስም እንዲሸጥ የሚፈቀድለት ወይን ከነልጣጩ በጋኑ ውስጥ እስከ ኖቬምበር 11 መቆየት አለበት፤ ደንቡ ነው። ጋኑ ከውስጥ በጥድ ዝፍት ይቀባል፤ ሸክላ ፈሳሽ ያሳልፋልና። ወይኑ ሲፈላ ልጣጩ ወደ ላይ ወጥቶ እንደ ክዳን ይደርቃል። ከሥሩ ጋዝ ስለሚታመቅ በቀን ቢያንስ ሁለቴ በእንጨት ማማሰያ ወደ ታች ይደፈቃል። ይህ ከተዘነጋ ጋኑ ራሱ ሊፈነዳ ይችላል፤ በሺህ ሊትር የሚቆጠር ወይን የያዘ ጋን ሲሰነጠቅ ደግሞ የዓመቱ ድካም ወለል ላይ ነው የሚቀረው። ሙቀቱን ለማብረድ ውጭውን በውሃ ያረጥቡታል። ፍላቱ ሲያበቃ ልጣጩ ወደ ታች ይሰምጣል፤ አናቱ ላይ አየር እንዳይነካው የወይራ ዘይት ያፈሱበታል።

በዕለቱ ከጋኑ ግርጌ ባለው ቀዳዳ የእንጨት ቧንቧ ይመታበታል። መጀመሪያ የሚወርደው ደፍራሽ ነው፤ እሱን መልሰው ከላይ ያፈሱታል። ልጣጩና ጭራሮው ማጥለያ ሆኖ ጥቂት ቆይቶ ኩልል ያለው ይመጣል።

ከጣፋጭ ጋር አይሄድም። ደረቅና ትንሽ ጨምደድ የሚያደርግ ወይን ነው፤ አጠገቡ ስኳር ከቀረበ መራራ ይሆናል። ከጨዋማ ወይራ፣ ከአይብና ከዳቦ ጋር መጀመሪያ ይጠጣ፤ ዤሮፒጋው ካስታኛው ሲመጣ ይከተላል።

ዶውሮ ዳር፦

የፖርቶው ጥያቄ ወደ እኔ ይምጣ። የሚገዛህ ሕግ አንድ ነው፦ ወይኑ ከጣፋጩ ያላነሰ ጣፋጭ መሆን አለበት። ካነሰ ወይኑ ባዶና ጎምዛዛ ሆኖ ይቀራል፤ ጥፋቱም የወይኑ አይመስልህ። የአስኳል ጣፋጭ ሲሆን ሁለተኛ ነገር ይጨመራል። አስኳል ቅባት ነው፣ ምላስን ይሸፍናል፤ ያንን የሚጠርግ የአሲድ ስለት ያለው ወይን ያስፈልጋል። ስለዚህ በአስኳል ክሬም ለሚሞላው ለፓስቴል ደ ናታ፣ ለስላሳ የአስኳል ጣፋጭ ለሆነው ለኦቩሽ ሞሌሽና በአልመንድ ለሚሠራው ቶሲኙ ዱ ሴው መልሱ ቶኒ ነው፤ የ10 ወይም የ20 ዓመቱ። በእንጨት በርሜል ሲከርም ቀዩ ቀለም እየለቀቀ የአልመንድ፣ የደረቀ ፍራፍሬና የተቃጠለ ስኳር ጣዕም ይይዛል። የናታው አናት ላይ ያለው ጥቁር ነጠብጣብም ያው የተቃጠለ ስኳር ስለሆነ ይተዋወቃሉ። ሩቢና ኤልቢቪ የትኩስ ፍራፍሬ ጣዕም ስላላቸው ለቸኮሌት ይሁኑ። አስኳል ላይ ሩቢ መክፈት የተለመደ ስህተት ነው፤ አብረው ሲጠጡ የብረት ጣዕም የሚመስል ነገር ያመጣሉ።

የስሞቹ ልዩነት በአጭሩ ይህ ነው። ሁሉም ከዶውሮ ሸለቆ ነው። የክልሉ ወሰን በ1756 በፖርቱጋሉ ሚኒስትር በማርኬሽ ደ ፖምባል ዘመን ተከልሏል። ፍላቱ እኩሌታው ላይ ሲደርስ አረቄ ይጨመርበታል፤ የተለመደው ልክ ለ435 ሊትር 115 ሊትር ሆኖ 550 ሊትር የሚይዘውን በርሜል ይሞላል። ከዤሮፒጋ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ዤሮፒጋ ጨርሶ አይፈላም። ቪንቴጅ ከአንድ ምርጥ ዓመት ምርት ሆኖ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ውስጥ ጠርሙስ ይገባና የሚያረጀው እዚያው ጠርሙስ ውስጥ ነው። ኤልቢቪ (ዘግይቶ ጠርሙስ የሚገባ ቪንቴጅ ማለት ነው) ከ4 እስከ 6 ዓመት በርሜል ይቆያል። ኮልዬይታ የአንድ ዓመት ምርት የሆነ፣ ቢያንስ 7 ዓመት በእንጨት የከረመ ቶኒ ነው። ቶኒ ላይ የተጻፈው «10 ዓመት» እያንዳንዱ ጠብታ 10 ዓመት ሞልቶታል ማለት እንዳይመስልህ፤ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ወይኖች ተደባልቀው የ10 ዓመት ባሕርይ እንዳላቸው በቀማሾች የተመሰከረለት ነው።

ከተከፈተ በኋላ ቪንቴጅ በሁለት ቀን ውስጥ ይጠጣ፤ ዕድሜውን ሁሉ አየር ሳያይ ስለኖረ ቶሎ ይደክማል። ኤልቢቪ አንድ ሳምንት ያህል ይታገሣል። ቶኒ በርሜል ውስጥ አየር ስለለመደ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። ከማዴይራ ደሴት የሚመጣው ማዴይራ የተባለው ወይን ግን ወራት ቢቆይ አይነካውም፤ ሲሠራ ጀምሮ በሙቀትና በአየር የተፈተነ ወይን ነው። አጭሩን ዘዴ ከተጠቀሙ ቢያንስ 3 ወር ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ያሞቁታል፤ ረዥሙ ዘዴ በሞቃት ጣሪያ ሥር በርሜል ውስጥ ለዓመታት ማቆየት ነው። ስለዚህ በዓላቱን ሁሉ በአንድ ጠርሙስ ላዳርስ ካልክ ቦዋል የተባለውን ማዴይራ ግዛ፤ ጣፋጭነቱ መካከለኛ፣ አሲዱ ስለታም ነው። ለማዴይራው የሞላሰስና የቅመም ኬክ፣ ለቦሉ ደ ሜል፣ ደግሞ ማልቫዚያ የተባለውን ማዴይራ።

ቶኒውን ከ12 እስከ 14 ዲግሪ አቅርበው። ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ የቆየ ቶኒ አልኮሉ ብቻ ይሸታል፤ ሰው «ፖርቶ ይከብደኛል» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ሙቅ ስለሚቀርብለት ነው። ብርጭቆውም አፉ የጠበበ የወይን ብርጭቆ ይሁን፣ 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ቅዳበት። ቪንቴጅ ከሆነ ከመክፈትህ አንድ ቀን አስቀድመህ አቁመው፤ አተላው ይዘቅጣል። ከዚያ ቀስ ብለህ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው። በተረፈ፣ አናቱ ላይ በእጅ የሚነቀል ቡሽ ያለው ሁሉ ቆሞ ይቀመጥ፤ ተጋድሞ የሚያርፈው ረዥም ቡሽ ያለው ቪንቴጅ ነው።

አስኳልና ስኳር፦

ራባናዳስ ላይ የሚሳሳቱት ሦስት ቦታ ነው፤ ዳቦው፣ የፈሳሹ ሙቀትና ዘይቱ። መጠኑ ለ12 ቁራጭ ነው።

ዳቦው ካሴቴ የሚባለው ነጭ ዳቦ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያደረ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ይሁን። የዕለት ዳቦ ውስጡ እርጥብ ስለሆነ ወይን ሲጨመርበት ይፈራርሳል። ቸኩለህ ከሆነ ቁራጮቹን በ100 ዲግሪ ምድጃ 15 ደቂቃ አድርቃቸው።

750 ሚሊ ሊትር ቀይ ወይን፣ 200 ግራም ስኳር፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ ነጩ ያልተነካ የአንድ ሎሚ ልጣጭና ሁለት ማንኪያ ማር ደባልቀህ ለ5 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። በሰሜን ፖርቱጋል በሚኙ ብዙ ጊዜ ቪኙ ቬርድ የተባለውን የአካባቢውን ወይን፣ ቀዩን፣ ይጠቀማሉ፤ ጠቆር ያለና ኮምጠጥ ያለ ስለሆነ ስኳሩን ይሸከማል። ወይኑ ለብ ሲል ብቻ ዳቦውን ንከር፤ በአንድ ጎን 10 ሰከንድ ያህል። ትኩስ ፈሳሽ ዳቦውን ያፈራርሰዋል። ነክረህ ወዲያው ወደ እንቁላል አትውሰደው፤ በወንፊት ላይ 5 ደቂቃ ይንጠፍጠፍ። ይህችን 5 ደቂቃ የሚዘልል ሰው ነው መጥበሻ ላይ የሚቸገረው፤ የሚንጠባጠበው ወይን ዘይቱን ያስፈነጥራል፣ እንቁላሉም አይያያዝም።

4 እንቁላል ምታ፣ ንከር፣ በ170 እስከ 175 ዲግሪ ዘይት በአንድ ጎን 2 ደቂቃ ጥበስ። ዘይት የሚጠጣው ሙቀቱ ከ160 በታች ሲወርድ ነው፤ ይኸውም ብዙ ቁራጭ በአንዴ ሲጨመር ይመጣል። ከ3 አይብለጥ። ሲወጣ ቀረፋና ስኳር ላይ አንከባልለው። ቀለሙ ወደ ግራጫ ሐምራዊ ቢያደላ አትደንግጥ፣ ወይኑ እንደዚያ ያደርገዋል። አይኔ አይወደውም ካልክ በወተት፣ በቀረፋና በሎሚ ልጣጭ ንከረው፤ ወይኑን ደግሞ ላዩ ላይ ለሚፈስ ሽሮፕ አድርገው። 200 ሚሊ ሊትር ፖርቶ፣ 100 ሚሊ ሊትር ውሃና 150 ግራም ስኳር ማር እስኪመስል ድረስ ይብሰል። እኔን ብትጠይቀኝ የወይኑ ነው የሚበልጠው።

ዶውሮ ዳር ስለ ኦቩሽ ሞሌሽ ስላነሳ እሱንም ልጨምር፤ ከወይኑ ይልቅ የሚያስቸግረው አሠራሩ ነውና። የአቬይሩ ከተማ ጣፋጭ ነው፣ ስሙም ከ2009 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ ነው። ከገዳማት የወጣ ሙያ ነው፤ እንቁላል ነጩ የመነኮሳት ልብስ ለማጠንከሪያና ወይን ለማጥሪያ ይውል ስለነበር አስኳሉ ይተርፍ ነበር ይባላል።

10 አስኳል በወንፊት አሳልፍ። የሚቀረውን ስስ ሽፋን ጣለው፤ «እንቁላል እንቁላል ይላል» የሚባለው ጠረን ከእሱ ነው። 250 ግራም ስኳር በ125 ሚሊ ሊትር ውሃ እስከ 108 ዲግሪ አፍላ፤ ቴርሞሜትር ከሌለህ ከማንኪያው የሚወርደው ክር ጫፉ ላይ ትንሽ ዕንቁ የመሰለ ጠብታ ሲይዝ ነው። 60 ዲግሪ ገደማ እስኪወርድ ጠብቅ። ትኩሱን ካፈሰስክ አስኳሉ እንደ እንቁላል ፍርፍር ይረጋል። በቀጭኑ እያፈሰስክ አዋህድ፤ ከዚያ በጣም ዝቅተኛ እሳት ላይ መልሰህ ሳታቋርጥ አማስል። ሳይፈላ! ማማሰያውን ድስቱ ግርጌ ላይ ስታሳልፍ መንገድ ቀርቶ ለአፍታ ካልተከደነ ደርሷል። ፖርቱጋሎች ይህን ደረጃ ራሱን «የመንገድ ልክ» ይሉታል። በጣም ከወፈረ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ይመልሰዋል፤ ከጓጎለ ግን ትኩስ እያለ በወንፊት ማሳለፍ ብቻ ነው ያለህ። ለአንድ ቀን አሳድረው፤ ከዚያ እንደ ቀንድ አውጣና ዓሣ በተቀረጸው የቁርባን ኅብስት መሳይ ስስ ቂጣ ውስጥ ይሞላል። ቂጣው ካልተገኘ በትንሽ ጽዋ ይቀርባል። የተረፈው 10 ነጭ ፑዲን ሞሎቶፍ የሚባለው የእንቁላል ነጭ ፑዲን ይወጣዋል።

ቀይ ወይራ፦

በዤሮፒጋው ታርሜአለሁ፣ ጋሼ፤ የአረቄውን ኃይል መናገር ነበረብኝ።

ስለ ቦሉ ሬይ አልተነሳም። ሊጡ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር ፖርቶ ይገባል፤ በ500 ግራም ዱቄት። ደረቅ ፍራፍሬውን ግን ወይኑ ውስጥ አስቀድመህ ከዋዜማው ጀምረህ ዘፍዝፈው። ደረቁን ሊጥ ውስጥ ከጨመርክ የሊጡን ውሃ እየመጠጠ ኬኩን በማግስቱ ያደርቀዋል። ወይኑን በቀጥታ ሊጡ ላይ አብዝተህ ካፈሰስክም አልኮሉ እርሾውን ስለሚያደክመው ሊጡ በሰዓቱ አይነሳም። በጥንቱ ወግ ውስጡ አንድ ደረቅ ባቄላ ይደበቃል፤ የደረሰው ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ኬክ ይገዛል። ባቄላ ከከተትክ እንግዶችህን አስቀድመህ ንገራቸው፣ ጥርስ ይሰብራል። ከእሱ ጋር ሞሽካቴል ደ ሴቱባል የተባለውን ጣፋጭ ወይን ቅዳ። አረቄ ከተጨመረ በኋላም ከወይኑ ልጣጭ ጋር ለወራት ስለሚቆይ የብርቱካን ልጣጭ ጠረን አለው፤ ኬኩ ላይ ካለው የስኳር ፍራፍሬ ጋር ወንድማማች ናቸው። 10 ወይም 12 ዲግሪ ላይ ይሁን።

የጓዳ ሰው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው ያገኘሁት። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ዲሴምበር 31 እኩለ ሌሊት ላይ ከ12ቱ ዘቢብ ጋር የሚከፈተው አረፋማ ወይን፣ እስፑማንቴስ? ባይራዳ የሚሉት አካባቢ ጥሩ እንደሚሠራ አውቃለሁ።

ዶውሮ ዳር፦

የባይራዳው ጥሩ ምርጫ ነው። ስትገዛ ግን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን በደንብ አንብብ። «ብሩት» የሚለው በሊትር ከ12 ግራም ያነሰ ስኳር ነው ያለው፤ ከተጠበሰ የአሳማ ግልገል ጋር ድንቅ ነው፣ ከዘቢብና ከራባናዳስ ጋር ግን ኮምጣጤ ይመስላል። «ሴኩ» ማለት በፖርቱጋልኛ ደረቅ ነው፤ በአረፋማ ወይን ላይ ሲጻፍ ግን ከ17 እስከ 32 ግራም ስኳር አለው፤ በቃሉ የሚታለል ብዙ ነው። ለዘቢቡ «ሜዩ ሴኩ» ያዝ፣ ከ32 እስከ 50 ግራም ነው። ከጣፋጩ ጋር መቀጠል ከፈለግህ «ዶሲ» የሚለውን። ከ6 እስከ 8 ዲግሪ አቀዝቅዘው፤ ከመክፈትህ በፊት ሦስት ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ እንጂ በረዶ ቤት አትክተተው፣ ይፈነዳል። ስትከፍት ቡሹን አጥብቀህ ያዝና ጠርሙሱን አዙር፤ ቡሹን የሚያዞር ሰው ነው አረፋውን ወለል ላይ የሚያፈስሰው።